ግራዋ፣ ቀበሪቾና ኮሸሽላ፦ የአደይ አበባ ወገን ቁጥቋጦዎች አሰያየም ታሪክ ከደጀን አኳያ

ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ባቀረብሁት ጥናት መጨረሻ ላይ አንድ ሙዳየ ቃላት ተያይዟል። ጥናቱ በደጀንና በአካባቢው የሚዘፈኑ የሥራ ዘፈኖችን የሚመለከት ሲሆን፣ ሙዳየ ቃላቱ የተዘጋጀው የአካባቢውን ዕፀዋት ለማያውቅ አንባቢ ነበር። በውስጡ «ቀበሪቾ» የሚለው ቃል «ኮሸሽላ፤ እሾሃም ቁጥቋጦ» ተብሎ ተፈትቶ ይገኛል። ፍቺው የእኔ ነው፤ ከማንም አልወሰድሁትም። ለዓመታትም እንደ ትክክል ቈጥሬው ለተማሪዎቼ ሳስተምር ኖሬአለሁ። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ያን ፍቺ ለማረም ከመፈለግ ነው። ይሁን እንጂ አንዲቱን ቃል ለማረም የጀመርሁት ፍለጋ ካሰብሁት በላይ ርቆ ሄደ፤ ከደጀን ገበያ ተነሥቶ ወደ ሞንፔልዬ፣ ወደ ዓድዋ፣ ወደ ኡፕሳላ ወሰደኝ። በመጻሕፍት ማለቴ ነው፤ በእግሬ የሄድሁት አራት ኪሎ ድረስ ብቻ ነው።

ደጀን ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ የአባይን ሸለቆ ወጥቶ የጨረሰ መንገደኛ መጀመሪያ እፎይ የሚልባት ከተማ ናት። ከሸለቆው አፋፍ ላይ ስለ ሆነች በገበያዋ የቆላውም የደጋውም ይገናኛል። አንድ የገበያ ቀን ሥራ ሥር ከሚሸጡ አንዲት እናት ዘንድ ቁጭ ብዬ፣ ማዳበሪያ ላይ ከተደረደረው መካከል ቀበሪቾውን አንሥቼ፣ «እማማ፣ ይህ ኮሸሽላ አይደለም እንዴ?» አልኋቸው። ሣቁብኝ።

«ኮሸሽላማ አጥር ላይ ያለው ነው። ይኸ ሥር ነው ልጀ፤ ቀበሪቾ ነው።»

«ላዩስ ምን ይመስላል? አበባውን አይተውት ያውቃሉ?»

«ላዩን ማን ያየዋል? የሚቈፍረውን ጠይቅ። እኔ የማውቀው ጭሱን ነው።»

ነገሩ የሙዳየ ቃላት ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ በአንድ መስመር ማረሚያ ባለቀ ነበር። ነገር ግን ቃሉ የሚገኝበት ዘፈን አንዲትን ሴት በቀበሪቾ ይመስላታል። እኔ ቀበሪቾን እሾሃም ቁጥቋጦ ስላልሁት ሴቲቱ የማትቀረብ፣ የምትዋጋ ተደርጋ እንደ ተነቀፈች አድርጌ ተንትኜዋለሁ፤ በዚያ ትንታኔ ላይም ስለ ነቀፌታ ዘይቤ አንድ ንኡስ ክፍል ሠርቻለሁ። ቀበሪቾ ግን ከቤት ክፉ ዓይንን ለማራቅ፣ የአራስን ቤት ለማጠን፣ ለራስ ምታትም ለመታጠን የሚጨስ ሥር ነው። ሴቲቱ ቤት የምታጠራ፣ ክፉውን የምታርቅ ተብላ ተመስግናለች። ውዳሴውን ስድብ አድርጌው ኖሬአለሁ ማለት ነው።

የስሕተቱ ምክንያት ምን እንደ ሆነ ሳሰላስል የእኒያ እናት መልስ እየደጋገመ መጣብኝ። ስም የሚሰጠው የሚጠቀምበት ሰው ነው፤ ስሙም የሚያርፈው በሚጠቅመው ክፍል ላይ ነው። ለገበያተኛዋ ቀበሪቾ ማለት ሥሩና ጭሱ ነው። የዕፀዋት ሊቃውንት ግን ዕፅን ከዕፅ የሚለዩት በአበባውና በፍሬው ነው። እነዚህ ሁለት የአሰያየም መንገዶች በአገራችን ዕፀዋት ላይ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል ጎን ለጎን ሲሄዱ፣ የተገናኙት ከስንት አንዴ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የማቀርበው የዚያን ታሪክ ጥቂት ገጽ ነው፤ ሁሉንም ዕፀዋት ላዳርስ አይቻለኝምና በአንድ ወገን፣ ይኸውም ግራዋና ቀበሪቾ በሚገኙበት ወገን እወሰናለሁ።

ይህን ወገን ሊቃውንቱ በቀድሞ አጠራር ኮምፖዚቴ፣ በአሁኑ አስቴራሴ ይሉታል። እኔ እዚህ «የአደይ አበባ ወገን» እለዋለሁ፤ በመስከረም ደጀን ሜዳ ላይ ቆሞ ሌላ ስም የሚፈልግ ያለ አይመስለኝም። አደይ አበባን ቀጥፎ በቅርብ ለተመለከተ ሰው ምሥጢሩ ይገለጥለታል። አንድ አበባ የሚመስለን ብዙ ጥቃቅን አበቦች በአንድ መደብ ላይ የተሰበሰቡበት ማኅበር ነው። ዙሪያውን ያሉት ቢጫ ዘርፎች እያንዳንዳቸው አበባ ናቸው፤ መካከሉ ላይ የታጨቁትም እንዲሁ። ሱፍም፣ ኑግም፣ ሰላጣም፣ ጭቁኝም በዚህ ሕግ የተሠሩ ናቸው። በዓለም ላይ ከ20,000 በላይ ዝርያ ያለው ሰፊ ወገን ሲሆን፣ በእኛ ደጋ ከመሬት ከሚያድጉት ሣር መሰሎች አንሥቶ ቁመተ ረዣዥም እስከ ሆኑ ቁጥቋጦዎች ድረስ ይገኝበታል። በነገራችን ላይ አደይ አበባ ራሱ በሊቃውንቱ መዝገብ አንድ አይደለም፤ ቢደንስ በሚባለው ወገን ውስጥ ያሉ የተለያዩ ዝርያዎች ሁሉ በአማርኛ አንድ ስም ይዘው ይኖራሉ። በዓሉ አንድ ስለ ሆነ ስሙም አንድ ሆነ።

ከቁጥቋጦዎቹ ሁሉ ለጎጃም ሰው የሚቀርበው ግራዋ ነው። ስለ ግራዋ ለማያውቅ መናገር ይቀላል፤ ለሚያውቅ መናገር ግን ያሳፍራል። እናቴ ጠላ ከመጥመቋ በፊት ጋኑን በግራዋ ቅጠል ፈትጋ ፈትጋ ታጥብና በወይራ ታጥነው ነበር። ሆድ ሲቆርጠን ጭማቂውን ትግተናለች። የመረረ ነገር ሁሉ የሚለካው በእርሱ ነው። አጥር ይሆናል፣ ማገዶ ይሆናል፣ ንብም ይወደዋል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ያደግሁ ሰው የግራዋን አበባ ቀለም ብጠየቅ በልጅነቴ መመለስ አልችልም ነበር። ነጭ ነው። ጥቃቅን ሆኖ በቅርንጫፉ ጫፍ ይሰበሰባል። ግራዋ ለእኛ ቅጠል ነው።

ይህ ቅጠል በዓለም የዕፀዋት መዝገብ የገባው ካልታሰበ አቅጣጫ ነው። ፍሬዴሪክ ካዮ የተባለ ፈረንሳዊ ተጓዥ እ.ኤ.አ. ከ1819 እስከ 1822 በግብጽና በሱዳን ሲጓዝ ወንዙን ሽቅብ ተከትሎ እስከ ሰናርና እስከ ፋዞግሊ ዘለቀ። ይህ ማለት ከደጀን ሥር የሚያልፈውን የአባይን ውሃ ከታች በኩል መጥቶ አገኘው ማለት ነው። ያመጣቸውን ዕፀዋት የመረመረው አሊር ራፍኖ ደሊል ነበር። ደሊል በወጣትነቱ ናፖሊዮን ግብጽ ሲዘምት አብሮ የሄደ፣ ኋላም በሞንፔልዬ ያስተማረ የዕፀዋት ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1826 የካዮን ዕፀዋት ሲያሳትም ግራዋን «ቬርኖኒያ አሚግዳሊና» ብሎ ሰየመው።

ስሙን እንደ ሥነ ጽሑፍ ሰው እንፍታው። የመጀመሪያው ቃል የሰው ስም ነው። ዊልያም ቬርኖን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1698 ወደ አሜሪካ፣ ወደ ሜሪላንድ ሄዶ ዕፀዋት ሰብስቧል፤ ሽሬበር የተባለ ጀርመናዊ በ1791 አንድን ወገን በእርሱ ስም ጠራ። ቬርኖን ግራዋን አላየም፤ ጠላም አልቀመሰም። ሁለተኛው ቃል «ለውዝ መሰል» ማለት ነው፤ ቅጠሉ የለውዝን ቅጠል ይመስላል ሲል ነው። እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት፦ ለውዝ ስል በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜ የምናውቀውን ዛፍ ማለቴ ነው እንጂ ዛሬ ኦቾሎኒም ለውዝም የምንለውን አይደለም። እነሆ የእኛው ቃል ራሱ ከዛፍ ወርዶ መሬት ውስጥ ገብቷል። ዕፅ እንደ ቆመ ስም ይሄዳል። ይልቅ ልብ የሚባለው ነገር፣ አበባን መሠረት አድርጎ ወገኑን የለየው ደሊል፣ ዝርያውን ሲሰይም እንደ እናቴ ወደ ቅጠሉ መመለሱ ነው።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ሌላው ፈረንሳዊ አንሪ ካሲኒ አስቀድሞ በ1817 «ጂምናንቴሙም»፣ ማለትም «ዕርቃን አበባ» የሚል ወገን አቋቁሞ ነበር። ካሲኒ ከታወቀ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ቤተሰብ የተወለደ፣ ሙያው ዳኝነት የሆነ፣ ትርፍ ጊዜውን ሁሉ ለአደይ አበባ ወገን የሰጠ ሰው ነው፤ በ1832 በኮሌራ ሞተ። ከብዙ ክርክር በኋላ በ1999 ሮቢንሰን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ሰፊውን ቬርኖኒያ ሲከፋፍል የአፍሪካዎቹን ዛፍ መሰሎች ወደ ካሲኒ ወገን መለሳቸው። ስለዚህ ዛሬ ግራዋ በብዙ ዓለም አቀፍ መዛግብት «ጂምናንቴሙም አሚግዳሊኑም» ሲሆን፣ በ2004 የታተመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ ግን በቬርኖኒያ አጽንቶታል። አንድ ዕፅ ሁለት ስም ይዞ በሁለት መጽሐፍ ይኖራል። በደጀን ግን ግራዋ ግራዋ ነው።

እንዲህ ያለው መቀያየር ለውጭ ሰው ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ ለእኔም ለብዙ ጊዜ መስሎኛል። ሕጉን ሳነብ ግን ከርስት ክርክር ጋር ያለው መመሳሰል ገረመኝ። ዘመኑ የሚቈጠረው ሊኔየስ የዕፀዋትን ዝርያ መጽሐፍ ካሳተመበት ከ1753 ጀምሮ ነው። ከዚያ ወዲህ አስቀድሞ በሕጉ መሠረት የወጣ ስም ኋላ የመጣውን ያሸንፋል። ስሙም በአየር ላይ አይንሳፈፍም፤ ደርቆ በወረቀት ላይ ከተለጠፈ፣ በአንድ ቤተ መዘክር ከተቀመጠ አንድ ናሙና ጋር ይታሰራል። ክርክር ሲነሣ ምስክሩ ያ ወረቀት ነው። የእኛ መዝገበ ቃላት እንዲህ ያለ ምስክር የለውም። ከሣቴ ብርሃን ተሰማ በ1951 ዓ.ም.፣ ደስታ ተክለ ወልድም በ1962 ዓ.ም. ያሳተሟቸው መዛግብተ ቃላት ለቋንቋችን የዋሉት ውለታ ከፍ ያለ ነው፤ ነገር ግን በጠቅላላው የመዝገበ ቃላት ልማዳችን ዕፅ ሲመጣ «የእንጨት ስም» ወይም «የቅጠል ስም» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። የእኔም «እሾሃም ቁጥቋጦ» የዚያ ልማድ ልጅ ናት።

የሊቃውንቱ ሕግ ግን ርኅራኄ የለውም። ይህን የሚያሳየው በአባይ ውስጥ የቀረው ሰው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1843 በባሕር ኃይል መኰንኑ በሌፌቭር የተመራ የፈረንሳይ ቡድን በአገራችን ተዘዋውሮ ነበር። ከቡድኑ ሁለቱ፣ ካርተን ዲዮንና አንትዋን ፔቲ፣ ሐኪሞችና ዕፀዋት ሰብሳቢዎች ነበሩ። ካርተን ዲዮን በመረብ ሸለቆ በንዳድ ሞተ። ፔቲ ሥራውን ብቻውን ቀጠለ፤ ሸዋ ደርሶ ሲመለስ በ1843 አባይን በሚሻገርበት ጊዜ አዞ ወሰደው። በሰብሳቢዎቹ እጅ የተለቀመው ዕፅ ግን ፓሪስ ገባ። አሺል ሪሻር እርሱንና ሌሎችን ስብስቦች መርምሮ ከ1847 እስከ 1851 ባሳተመው የኢትዮጵያ ዕፀዋት መጽሐፍ ውስጥ ብዙዎቹን ሰየመ። ወይናግፍት የምንለው ቢጫ አበባ ያለው ቁጥቋጦ «ኢኑላ ኮንፈርቲፍሎራ»፣ ማለትም «አበባው የታጨቀ» የተባለው በዚህ መጽሐፍ ነው። ሪሻር ለሟቾቹም መታሰቢያ ይሆን ዘንድ ስማቸውን በየዕፁ ላይ አሳረፈ። ከእነዚህ አንዱ ከአደይ አበባ ወገን የሆነ፣ ዛፍ ላይ የሚንጠላጠል ቁጥቋጦ «ሴኔሲዮ ፔቲቲያኑስ»፣ የፔቲ ሴኔሲዮ ተባለ።

ይህ መታሰቢያ አልጸናም። ፎርስኮል የተባለ ስዊድናዊ ከፔቲ 80 ዓመት በፊት በየመን ሲዞር ያንኑ ዕፅ ሐዲዬ በተባለ ተራራማ ስፍራ አግኝቶት ነበር። ፎርስኮልም በ1763 በዚያው በየመን በወባ ሞቷል፤ ጽሑፉ ከሞት በተረፈው ጓደኛው በኒቡር አማካይነት በ1775 ታተመ። ሁለቱ ዕፀዋት አንድ መሆናቸው ሲታወቅ የቀደመው ስም አሸነፈ፤ ዕፁ ዛሬ «ሴኔሲዮ ሐዲየንሲስ» ነው። ፔቲ በአባይ ከሞተ በኋላ በመዝገቡም አንድ ጊዜ ሞተ ማለት ነው። ወደ ጎሐ ጽዮን ስወርድ ድልድዩ ላይ ሳልደርስ ይህን ሰው ሳላስበው አላልፍም። የተሻገረበት መልካ የትኛውም ይሁን፣ ውሃው ያው ውሃ ነው።

ድልድይን ካነሣን፣ የሁለት ድልድዮች ነገር አንድ ሌላ ሰው ያስታውሰኛል። የዛሬ መንገደኛ ከደጀን በታች አሮጌውንና በ2008 እ.ኤ.አ. የተመረቀውን የህዳሴ ድልድይ ጎን ለጎን ያያል። በጀርመን ስሟ «ሁለት ድልድይ» ማለት የሆነ ጽቫይብሩከን የምትባል ከተማ አለች፤ የዚያች ከተማ ሐኪም ካርል ሐይንሪሽ ሹልትስ ከሌላ ሞክሼው ለመለየት በላቲን «ቢፖንቲኑስ»፣ ባለ ሁለት ድልድዩ፣ ይባል ነበር። ዕድሜውን በአደይ አበባ ወገን ላይ ያሳለፈ ሰው ነው። በአገራችን ከዚህ ወገን ያሉ ዕፀዋት ስም በስተኋላ የእርሱ ምሕጻር ተደጋግሞ ይታያል። ኢትዮጵያን ግን አልረገጠም። የረገጠለት ጌኦርግ ቪልሄልም ሺምፐር ነው።

ሺምፐር በ1837 መጥቶ በዓድዋ ተቀመጠ፤ የሰበሰበውን እያደረቀ ወደ ጀርመን ይልክ ነበር። ደጃዝማች ውቤ የእንትጮን አገር ሾሙት፤ አግብቶ ወለደ። ውቤ በ1855 ሲሸነፉ እርሱም ሹመቱን አጣ፤ ኋላ ከዐፄ ቴዎድሮስ እስረኞች ጋር መቅደላ ደርሶ በ1868 ተለቀቀ። በ1878 በዓድዋ ሞተ። ዓድዋ ተወልደው የሚያድጉ ሰዎች የማያውቁት ስሙ «ሺምፔሪ» እየተባለ በመቶ በሚቈጠሩ የሳይንስ ስሞች ላይ ይገኛል። ሺምፐርን እየመሩ ገደል ለገደል የወሰዱት፣ ዕፁን ያሳዩት ሰዎች ስም ግን ከእነዚያ ስሞች በአንዱም ላይ የለም። ከላካቸውም ወረቀቶች በበርሊን የነበሩት አብዛኞቹ በመጋቢት 1943 እ.ኤ.አ. በአየር ድብደባ ተቃጥለዋል። በእኛ ዘንድ የተቃጠለ ብራና ሲነሣ የምናዝነውን ያህል ለእነዚያም ማዘን የሚገባ ይመስለኛል።

ስለ ኑግ ባጭሩ ልናገር፤ ቁጥቋጦ ባይሆንም ከጎጃም ተነሥቶ ስለዚህ ወገን የሚጽፍ ሰው ኑግን ቢዘል ገበሬው ይታዘበዋል። ጄምስ ብሩስ ከአገራችን ይዞት በተመለሰው ዘር ምክንያት ኑግ በአውሮፓ ታወቀና የሊኔየስ ልጅ «ፖሊምኒያ አቢሲኒካ» አለው። ፖሊምኒያ በግሪኮች ተረት የዝማሬ ጠባቂ ናት። ለሥነ ጽሑፍ ክፍል ይህ ስም ቢጸና ደስ ባለን ነበር። ነገር ግን ካሲኒ በ1829 ለይቶ አዲስ ወገን አቋቋመና በታሪክ ጸሐፊውና በፖለቲከኛው በፍራንሷ ጊዞ ስም «ጊዞቲያ» አለው። ስለ አውሮፓ ሥልጣኔ ታሪክ የጻፈ ሰው በኑግ ማሳ መታሰቡ ይገርማል። ከዚህ ይልቅ ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ገበሬው በኑግ ማሳ ውስጥ የሚበቅለውን መጭን የኑግ ዱር አደግ ዘመድ አድርጎ ያየዋል። የት «በ» ብሎ ያቺን ማጠጋጋት እንዳመጣት ሳይጽፍልን፣ ዴንማርካዊቷ ባጎ በ1974 ወገኑን ስትመረምር መጭንና ኑግን በዚያው በጊዞቲያ ሥር አኖረቻቸው፤ ከዚያ በኋላ የተደረጉ የክሮሞዞም ጥናቶችም ለኑግ ከሁሉ የቀረበው አንዱ የመጭ ዓይነት መሆኑን አሳዩ። እዚህ ላይ ሁለቱ መንገዶች ሳይነጋገሩ ተገናኝተዋል።

ሁልጊዜ ግን አይገናኙም። በአማርኛ የዕፀዋት አሰያየም ውስጥ አንዱ ዋና ስልት በታወቀው ላይ ያልታወቀውን በአገናዛቢ ማስደገፍ ነው፦ የምድር እምቧይ፣ የጅብ ሽንኩርት፣ የሽኮኮ ጎመን። የሊኔየስ የሁለት ቃል ስም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ እርሱም ወገኑን ከጠራ በኋላ ለዪውን ይጨምራል። ልዩነቱ አማርኛው በምሳሌ መናገሩ ነው። የሽኮኮ ጎመን ጎመን አይደለም፤ ከአደይ አበባ ወገን የሆነ፣ ቅጠለ ሰፊ፣ በደጋ ለአጥር የሚተከል ቁጥቋጦ ነው። ሊቃውንቱ መጀመሪያ «ሴኔሲዮ ጊጋስ» አሉት። ሴኔሲዮ «ሽማግሌ» ከሚል የላቲን ቃል የወጣ ነው፤ ዘሩ ላይ ያለው ነጭ ጭገር ሽበት ስለ መሰላቸው ነው። ጊጋስ ደግሞ ግዙፍ ማለት ነው። የእኛ ሰው በሽኮኮ ማእድ መሰለው፤ እነርሱ በግዙፍ ሽማግሌ። የቱ ይበልጥ ሳይንሳዊ ነው ቢባል መልሱ ቀላል አይሆንም፤ ሁለቱም ዘይቤ ናቸው።

ወደ ቀበሪቾ ልመለስ። የኢትዮጵያ ፍሎራ ሥራ በ1980 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባና በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲዎች ትብብር ሲጀመር፣ ከሠልጣኞቹ አንዱ መስፍን ታደሰ የአደይ አበባን ወገን መረጠ። በ1984 በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ስለሚገኙት የቢደንስ ዝርያዎች ያሳተመው ጥናት አደይ አበባችን ስንት መሆኑን የለየ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ በ2004 የወጣውን የፍሎራውን ቅጽ 4 ክፍል 2፣ ሙሉውን የአደይ አበባ ወገን፣ አዘጋጀ። በዚህ መካከል፣ በ1990ዎቹ ውስጥ፣ ኤኪኖፕስ የተባለውን እሾሃም ወገን ሲመረምር ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ አንድ ዝርያ አዲስ መሆኑን አረጋገጠ፤ ስሙንም «ኤኪኖፕስ ቀበሪቾ» አለው።

ይህ ስም በመዝገቡ ሲጻፍ፣ እንደ ልማዱ የሰያሚው ስም ይከተለዋል። ሊኔየስ በአንድ ፊደል፣ ሪሻርና ሹልትስ በምሕጻር ይጻፋሉ፤ ሁሉም በቤተሰብ ስማቸው ነው። ቀበሪቾን የሚከተለው ግን «መስፍን» ነው፤ የአባት ስም የለበትም። በእኛ አገር ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ስለ ሆነ መዝገቡም እንደ እኛ ጠራው። የአበባው መግለጫ ደግሞ፣ ሕጉ እስከ 2011 መጨረሻ ድረስ ያስገድድ ስለ ነበር፣ በላቲን መጻፍ ነበረበት። አንድ በደጀን ገበያ ማዳበሪያ ላይ የሚሸጥ ሥር በላቲን ቋንቋ ውስጥ ስሙን ሳይለቅ ቆመ። ለላቲን ፊደል «ቀ» ስለሌለው በ«ከ» መተካቱን እንግዲህ ይቅር እንበል። ቃሉ በአማርኛም በኦሮምኛም ተናጋሪዎች አንደበት የሚኖር እንጂ የአንዱ ብቻ ንብረት አለመሆኑንም እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው። የአገር ቤት ስም ወደ መዝገቡ ሲገባም ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ ጤፍ በ1775 በፍሎሬንሳዊው በዙካኚ እጅ በስሙ ገብቶ እስከ ዛሬ ጸንቷል። ነገር ግን ጤፍን ያስገባው ስሙን በሩቅ የሰማ ሰው ነበር። ቀበሪቾን ያስገባው ስሙ ምን እንደሚያጨስ የሚያውቅ ሰው ነው።

እንግዲህ ገበያተኛዋ «ላዩን ማን ያየዋል?» ያሉት ላይ ስሙ ከሥሩ ወጥቶ አበባው ላይ ያረፈው በዚህ ጊዜ ነው። አራት ኪሎ በሚገኘው ብሔራዊ የዕፀዋት ቤተ መዘክር የዚህን ወገን ወረቀቶች ተፈቅዶልኝ አይቻለሁ። ቀበሪቾ እውነትም እሾሃም ነው፤ አበባው እንደ ኳስ የተድበለበለ፣ ቅጠሉ የሚዋጋ ነው። ስሕተቴን ያባሰው ይህ ግማሽ እውነትነቱ ነው። በየወረቀቱ ግርጌ ቦታው፣ ቀኑ፣ ከፍታው፣ የሰብሳቢው ስም ተጽፏል። ለአገር ቤት ስም የተተወው መስመር ግን ባየኋቸው በብዙዎቹ ላይ ባዶ ነበር። ወልደ ሚካኤል ቀለቻ ያዘጋጁት የዕፀዋት ስም ዝርዝርና የፖላንዳዊው ስትሬልሲን ጥናቶች ባይኖሩ ኖሮ በዚያ ባዶ መስመርና በእኛ «የእንጨት ስም» መካከል የሚያገናኝ ምንም ባልኖረ ነበር። ሥሩ ሲቈፈር ዕፁ ይሞታልና፣ ቀበሪቾ ደግሞ ከዱር እንጂ ከእርሻ አይለቀምምና፣ መስመሩን የሚሞላ ሰው ብዙ ጊዜ የለውም።

ኮሸሽላስ? ኮሸሽላ የስም ችግር ዋነኛው ማሳያ ነው። እኒያ እናት «አጥር ላይ ያለው» ያሉት ቀይ ወደ ብርቱካን የሚያደላ አበባ የሚያወጣው እሾሃም ቁጥቋጦ ሲሆን፣ ጣሊያናዊው ኪዮቬንዳ «አካንቱስ ሴኒ» ያለው ነው፤ ከአደይ አበባ ወገን ጋር ዝምድና የለውም። በሌላ ስፍራ ግን የኤኪኖፕስ ዓይነቶች ሁሉ ኮሸሽላ ይባላሉ። የሚዋጋ ቅጠል ያለው ሁሉ በዚህ ስም ይጠለላል። በሰበሰብኋቸው ዘፈኖች ውስጥ ኮሸሽላ ሁለት ጊዜ ይገኛል። ቀይ አበባው ከታሰበ የአንዲት ልጅ መልክ ይወደሳል፤ እሾሁ ብቻ ከታሰበ ጠባይዋ ይነቀፋል። ዘፈኑን የሰጡኝ ባልቴት አርፈዋል። ከጥቂት ጊዜ በፊት ወደ ቤታቸው ሄጄ ልጃቸውን ስጠይቅ መልስ ሳትሰጠኝ በጣቷ ወደ አጥሩ አመለከተችኝ፤ አጥሩ ቀልቷል።

በዚሁ መሠረት በጥናቱ ሙዳየ ቃላት ውስጥ ያሉት ሁለቱ ፍቺዎች እንደሚከተለው ታርመዋል።

ቀበሪቾ፦ ከአደይ አበባ ወገን የሆነ፣ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ እሾሃም ዕፅ፤ በተለይ ሥሩ። ክፉ ዓይን ለማራቅ፣ የአራስ ቤት ለማጠን ይጨሳል። በዘፈን ውስጥ ለውዳሴ ይነገራል።

ኮሸሽላ፦ በደጀን፣ ቀይ አበባ ያለው የአጥር ቁጥቋጦ። በሌላ ስፍራ ልዩ ልዩ እሾሃም ዕፀዋት በዚህ ስም ስለሚጠሩ ዘፈኑ የተሰበሰበበት ስፍራ ሳይታወቅ አይፈታም።

ማረሚያውን በአንድ ወረቀት ላይ ተይቤ በቤተ መጻሕፍት በሚገኘው ቅጂ ውስጥ፣ ከሙዳየ ቃላቱ ፊት ለፊት ለጥፌዋለሁ።